ከሰኞ እስከ ቅዳሜ እግዚአብሔር የት ነው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ የምኖረው ጅማ ነው። ማለዳ ልጆቼን አብልቼ እዚሁ ጅማ መርካቶ እወርዳለሁ፤ ቡናና ቅመም ስመዝን ውዬ ሲመሽ እገባለሁ። በማለዳ በቤተ ክርስቲያን የሚደርሰውን ጸሎት፣ ኪዳንን አላደርስም። ማታ ጸሎት ልጀምር ስል እንቅልፍ ይጥለኛል። እሁድ ሳስቀድስ ብቻ ከእግዚአብሔር ጋር የሆንኩ ይመስለኛል፤ ቀሪው ስድስት ቀን ባዶ ነው። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ እኅቴ፣ ድካምሽ ይገባኛል፤ ስድስቱን ቀን ባዶ ማለትሽን ግን አልቀበለውም። ሙሴ እግዚአብሔር ሲገለጥለት የአማቱን በጎች እየጠበቀ ነበር (ዘጸ. 3፥1)። ጌዴዎን ስንዴ እየወቃ ነበር። ሳምራዊቷም ጌታን ያገኘችው ውኃ ልትቀዳ ወጥታ ነው። እርሱ ራሱ መድኃኒታችን የአገሩ ሰዎች «ጸራቢው» ብለው የሚያውቁት ነበር (ማር. 6፥3)።

አንቺ ቀኑን ሙሉ ሚዛን ላይ ነሽ፤ ስለዚህ ከሚዛኑ ልጀምር። «አባይ ሚዛን በእግዚአብሔር ፊት አስጸያፊ ነው» ይላል መጽሐፍ (ምሳ. 11፥1)። ገበያው ውስጥ የሚደረገውን ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ፤ ደህናውን ቡና ከላይ አድርጎ ጥቁሩንና የተሰበረውን ከሥር መደበቅ፣ ክብደት እንዲያነሣ ማርጠብ፣ ሳህኑን በጣት ጫን ማድረግ። ገዢው ከገጠር የመጣ የዋህ ሰው ነው፤ አያይሽም። የዚያን ጊዜ እግዚአብሔርን ፈርተሽ እጅሽን ከሳህኑ ካነሣሽ፣ ያ አምልኮ ነው። ይህን የምለው ላጽናናሽ ብዬ አይደለም፤ በእውነት አምንበታለሁ። ገዢው ክርስቲያን ይሁን ሙስሊም ልዩነት የለውም፤ ሁለቱም በእግዚአብሔር የተፈጠሩ ናቸው።

ጸሎቱን በተመለከተ፣ ሰባቱ የጸሎት ጊዜያት ለገዳም ሰዎች ብቻ የተሠሩ አይደሉም። ከእነርሱ መካከል 3 ሰዓት መንፈስ ቅዱስ በሐዋርያት ላይ የወረደበት ነው፤ 6 ሰዓት ጌታ የተሰቀለበት፣ 9 ሰዓት ነፍሱን በፈቃዱ የሰጠበት። ሰዓቱ ሲደርስ ደንበኛ ፊትሽ ቆሞ ይሆናል። በልብሽ «አቤቱ ይቅር በለኝ» በዪ፤ ሂሳቡን ቀጥዪ። የሳሙኤል እናት ሐናም ከንፈሯ ብቻ እየተንቀሳቀሰ ድምፅዋ ሳይሰማ ጸልያ ተሰምታለች።

ጠዋት ባጃጅ ላይ ወይም በእግርሽ ስትወርጂ ደግሞ ለየቀኑ ከተከፈለው የእመቤታችን ምስጋና፣ ከውዳሴ ማርያም፣ የዕለቱን ድገሚ። በቃል ካልያዝሽው ከሐሙሱ ጀምሪ፤ በጅማ የሐሙስ ገበያ እንዴት እንደሚያደክም ታውቂዋለሽና። የሐሙሱ ጸሎት የሚጀምረው ሙሴ በበረሃ ባየው፣ እየነደደ ባልተቃጠለው ዕፅ ነው። ሙሴ ያን ያየው ሥራ ላይ ሳለ እንደሆነ እያሰብሽ በዪው።

የማታው ጸሎት የሚበላሽብሽ ሥራው ሁሉ እስኪያልቅ ስለምትጠብቂ ይመስለኛል። ከእራት በፊት አድርጊው። ልጆቹ ማዕዱን ከበው ሳሉ አማትበሽ፣ አቡነ ዘበሰማያትና በሰላመ ቅዱስ ገብርኤል አብራችሁ በሉ። ትንሹ ልጅ ቢረብሽም ይረብሽ፤ ጸሎት የሚለመደው እንዲሁ ነው። ከዚያ በኋላ እንቅልፍ ቢወስድሽ ጸልየሽ ተኝተሻልና አትዘኚ።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ እነግርሻለሁ። «ሥራዬ ጸሎቴ ነው» እያሉ ከቤተ ክርስቲያን የቀሩ ሰዎች አሉ፤ እነርሱን አትምሰዪ። ንስሐን፣ ቅዳሴን፣ ሥጋ ወደሙን የሚተካ ሥራ የለም። የገበያው ቀን ከእሁዱ ቅዳሴ ኃይል ያገኛል እንጂ እሁድን አያስቀርም። በዓመት ውስጥ አንዳንድ ቀን ሱቁን ዘግተሽ ኪዳን ብታደርሺ ደግሞ ኪሳራ ነው ብዬ አላስብም።

ከዚህ በተረፈ ወደ ንስሐ አባትሽ ሄደሽ ውሎሽን ከጠዋት እስከ ማታ እንዳለ ንገሪያቸው። ስንት ሰዓት እንደምትነሺ፣ ስንት ሰዓት እንደምትገቢ አትደብቂ። የጸሎቱን መጠን እሳቸው እንደ አቅምሽ ይወስኑልሽ፤ ያዘዙሽን ጥቂትም ቢሆን ሳታቋርጪ ያዢው።