«ደንበኛው እስኪረካ ድረስ»

ውድ ወጣት የሙያ ባልደረቦቼ፣

ሥራ በጀመርኩ ሰሞን ለአንድ ኩባንያ ዓርማ ለመንደፍ ስዋዋል «ሥራው ደንበኛው እስኪረካ ድረስ ይሻሻላል» ብዬ በገዛ እጄ ጻፍኩ። ትሕትና መስሎኝ ነበር። ሥራ አስኪያጁ ሦስተኛውን ንድፍ ወደዱት። ምክትላቸው ግን ቀለሙ ደበዘዘ አሉ፤ ቀጥሎ ደግሞ በውሉ ላይ ስማቸው እንኳ የሌለ የቦርድ አባል ብቅ አሉ። 19ኛው ንድፍ ላይ ደርሰን የተመረጠው ያው ሦስተኛው ሆነ። ክፍያው አልጨመረም። አልወቅሳቸውም፤ የፈቀድኩላቸው እኔ ነኝ።

«እስኪረካ» የሚለውን ቃል አውጡና በቦታው ቁጥር አስገቡ። ዛሬ የምጽፈው እንዲህ ነው፦ «ድርጅቱ 2 ንድፎችን ያቀርባል። ደንበኛው በመረጠው ንድፍ ላይ የሚደረግ 2 ዙር ማሻሻያ በዋጋው ተካቷል፤ ከዚያ በላይ ያለው ለየብቻ ይከፈላል።» ዙር ምን እንደሆነም ተርጉሙ፤ አለበለዚያ የሰኞውና የማክሰኞው አስተያየት አንድ ዙር ነው ወይስ ሁለት በሚል ትከራከራላችሁ። ለእኔ ዙር ማለት ደንበኛው አጠቃልሎ በአንድ ጽሑፍ የሚልከው አስተያየት ነው። አጽዳቂውም አንድ ሰው ይሁን፤ ስሙ ይጻፍ።

እ.ኤ.አ. በ1986 ስቲቭ ጆብስ ለኔክስት የኮምፒውተር ኩባንያው ዓርማ ዕውቁን አሜሪካዊ ነዳፊ ፖል ራንድን አማራጮች እንዲያሳየው ቢጠይቀው፣ ራንድ አንድ መፍትሔ ብቻ እንደሚሠራ፣ ተጠቀሙበትም አልተጠቀሙበትም እንደሚከፈለው ነገረው። ክፍያው 100,000 ዶላር ነበር። በዋጋው አትቅኑ፤ የአማራጩ ቁጥር የተቆረጠው ሥራው ሳይጀመር መሆኑን ግን ልብ በሉ።

ስለ ቅድሚያ ክፍያ ብዙ አልልም፤ ሳይገባ አትጀምሩ። የቅጂ መብት ግን ይበልጥ ያሳስበኛል። ሥራውን ማስረከብና መብቱን ማስተላለፍ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። መብቱ የሚተላለፈው የመጨረሻው ክፍያ ሲጠናቀቅ መሆኑን፣ የሚታረሙት የኮምፒውተር ፋይሎች አብረው ይሰጡ አይሰጡ እንደሆነ፣ የፎንት (የፊደል ቅርጽ) እና የፎቶግራፍ መጠቀሚያ ፈቃድ የሚገዛውም ማን እንደሆነ ጻፉ።

የውሉን ረቂቅ ሙያውን ለማያውቅ ሰው አስነብቡ። የእኔን የምታነብልኝ ባለቤቴ ናት። ባለፈው ወር አንድ አንቀጽ ላይ ቆም ብላ «‹በተቻለ ፍጥነት› ማለት ስንት ቀን ነው?» አለችኝ። ሰርዤ «በ5 የሥራ ቀናት» አልኩ።