ለነባር ህንጻ ሞዴል ለሚያሠራው ወንድማችን፦ ከስካነሩ በፊት ኮርኒሱን አስከፍት

ሰላም ወንድሜ። ለገሃር አካባቢ ያለው ባለ 8 ፎቅ ህንጻችሁ ፕላን እንደሌለው፣ ለጥገና የሚሆን የሬቪት (የህንጻ ሞዴል መሥሪያ ሶፍትዌር) ሞዴል ልታሠራ እንደሆነና ሦስት ድርጅቶች ለስካን (ህንጻውን በሌዘር ጨረር ለመለካት) የተራራቀ ዋጋ እንደሰጡህ ጽፈህ «የቱን ልምረጥ?» ብለሃል። እኔ ስታዲየም አካባቢ ባለ 9 ፎቅ ህንጻ አስተዳድራለሁ፤ ይህንኑ ሥራ አሠርቻለሁ። ዋጋውን ለጊዜው ተወው። የናንተም ቤት እንደኛው ኮርኒስ የለበሰ፣ ተከራይ በተቀየረ ቁጥር ቧንቧው የተቀየረ እንደሚሆን አልጠራጠርም።

1. የድሮ ፕላን ስትፈልግ ጊዜህን አትጨርስ። እኔ አንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ክፍል ሁለት ወር ተመላልሻለሁ። መጀመሪያ የባለቤቱን ውክልና አምጣ ተባልኩ፤ አመጣሁ። ከዚያ ማህተሙ ደብዝዟል ተባልኩ፤ አስደገምኩ። በመጨረሻ መዝገብ ያዡ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ «ፋይሉ ወጥቷል» አለኝ። ማን አወጣው? «እሱን እኛ አናውቅም።» ከሥራ አስፈቅጄ፣ ወረፋ ይዤ፣ ደጅ ጠንቼ ይህን መስማቴ አሁንም ያንገበግበኛል። ኋላ ከባለቤቱ ቤት የተገኘው የስትራክቸር ወረቀት ብቻ ነው፤ የሳኒተሪም የኤሌክትሪክም የለም። አንድ ሳምንት ሞክር፤ ካጣህ ቀጥል።

2. ስካነር የሚያየው ጨረሩ የነካውን ብቻ ነው። ዋናው ነገር ይሄ ስለሆነ ላስረዳህ። እኔ ውሉ ላይ «ኤልኦዲ 400» (ኤልኦዲ የሞዴሉ የዝርዝር ደረጃ ነው) ብዬ አስጻፍኩ፤ ቁጥሩ ሲጨምር ጥራቱ የሚጨምር መስሎኝ። 400 ማለት ፋብሪካ ዕቃውን ሊያመርትበት የሚችል ዝርዝር ነው። የበር እጀታ ሳይቀር ተሣለልኝ፤ የክፍያው ግማሽ እዚያ ላይ አለቀ።

ከተረከብን አምስት ሳምንት ሳይሞላ፣ እሁድ ማታ 3 ሰዓት ላይ 4ኛ ፎቅ ኮርኒስ ውስጥ ቧንቧ ፈነዳ። ውሃው 3ኛ ፎቅ ያለው የጥርስ ክሊኒክ ላይ ወረደ። ላፕቶፑን ከፈትኩ። ኮርኒሱ አለ፤ ከኮርኒሱ በላይ ባዶ ነው። ጥበቃው ባትሪ ይዞ «ኢንጂነር፣ የቱን ልዝጋ?» ይለኛል፤ መልስ የለኝም። ጣሪያ ወጥተን የሮቶዎቹን ዋና መዝጊያ ዘጋን፤ ህንጻው በሙሉ እስከ ሰኞ ከሰዓት ውሃ አጣ።

ሰኞ ጠዋት የቧንቧ ሠራተኛችን መጡ። ጋሼ ነው የምንላቸው፤ ህንጻው ሲሠራ ጀምሮ ያሉ ሰው ናቸው። በመጥረጊያ እንጨት ኮርኒሱን ነካ ነካ አድርገው ከሊፍቱ በስተቀኝ ሁለተኛውን ክፋይ አነሱት። ቫልቩ እዚያው ነበር፤ ዝጓል፣ ቀይ እጀታው ግማሹ ተሰብሯል። ያን ሁሉ ብር ስከፍል እሳቸውን አንድ ቀን እንኳ ቁጭ ብዬ አልጠየቅኳቸውም። እስካሁን የሚቆጨኝ ይሄ ነው።

ስለዚህ ስካነሩ ከመግባቱ በፊት የናንተን ጋሼ ይዘህ ፎቅ በፎቅ ዙር። የኮሪደሩንና የመጸዳጃ ቤቱን ኮርኒስ፣ የሻፍቱን (ቧንቧና ገመድ ከፎቅ ፎቅ የሚያልፍበትን ክፍተት) በር አስከፍት። ቫልቩን፣ ፓምፑን፣ ማከፋፈያ ቦርዱን ቁጥር ስጠው፣ ታርጋ እሰርበት፣ ፎቶ አንሳው፣ የቱን ክፍል እንደሚዘጋ ኤክሴል ላይ ጻፍ። ስካኑ ኮርኒሱ እንደተከፈተ ይሠራ። ለግድግዳና ለበር ኤልኦዲ 200 (ግምታዊ ቅርጽና መጠን) ይበቃሃል፤ ገንዘቡን ማሽን ክፍሉና ሻፍቱ ላይ አውለው። ለጥገና ዘመን የወጣው ዓለም አቀፍ የህንጻ መረጃ አያያዝ ደረጃ፣ አይኤስኦ 19650 ክፍል 3 (2020 እ.ኤ.አ.) ምን መረጃ እንደሚፈለግ ቀድመህ እንድትወስን ይጠይቃል፤ እኔ ያነበብኩት ከከፈልኩ በኋላ ነው። ርክክቡ ላይ መረጃውን በኮቢ (የህንጻ ዕቃዎችን መረጃ መረከቢያ መደበኛ ቅጽ) ሠንጠረዥ ጭምር ጠይቅ፤ ኤክሴል ላይ ስለሚከፈት ሬቪት የማያውቅ ቴክኒሺያንም ይጠቀምበታል።

3. የቀያሹን ኮኦርዲኔት እንዳለ ሬቪት ውስጥ እንዳይከቱት። የኛ በአዲንዳን ዞን 37 (በአገራችን ቀያሾች የሚጠቀሙበት የኮኦርዲኔት ሥርዓት) ነበር፤ በዚያ አቆጣጠር አዲስ አበባ ከምድር ወገብ 1,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። ሬቪት ደግሞ ከውስጥ መነሻው 16 ኪሎ ሜትር ካለፍክ ይዛባል። የኛ መስመሮች ተንቀጥቅጠው ሥራው እንደገና ተጀመረ። መነሻው የህንጻው ጥግ ይሁን፤ የቀያሹ ቁጥር በሼርድ ኮኦርዲኔት (ሞዴሉን ሳያንቀሳቅስ እውነተኛ ቦታውን በሚመዘግበው የሬቪት መሣሪያ) ይግባ። መስታወቶቹንም በወረቀት አሸፍን፤ ጨረሩን እየመለሱ የሌለ ክፍል ይፈጥራሉ።

4. የመጨረሻውን ክፍያ ያዝ። ከዚያ አደጋ በኋላ ሞዴሉን ለሁለተኛ ዙር ሳሠራ ጋሼ 5 ቫልቮች መረጡ፤ ሞዴሉን የሠሩት ልጆች ላፕቶፕ ብቻ ይዘው እንዲያገኟቸው አደረግኩ። አራቱን በ10 ደቂቃ አገኙ። አምስተኛው፣ የቤዝመንቱ የእሳት አደጋ መስመር ቫልቭ፣ ሞዴሉ ላይ አልነበረም። እስኪገባ 12 ቀን ፈጀ፤ እኔም የፈረምኩት በ13ኛው ቀን ነው።