የሕክምና ምርመራ ጨረርና ልኬቱ፦ ጥያቄና መልስ

በራጅና በሲቲ ስካን ክፍሎች ከሚሠሩ ባለሙያዎችና ምርመራ ከታዘዘላቸው ሰዎች ለቀረቡ ጥያቄዎች አንድ የሕክምና ፊዚክስ ባለሙያ የሰጠው መልስ ነው።

ጥያቄ፦ በአንዱ ሰነድ ላይ ግሬይ፣ በሌላው ላይ ሲቨርት ተጽፎ አያለሁ። አንዱን በሌላው መተካት ይቻላል?

መልስ፦ አይቻልም፤ አብዛኛው ግራ መጋባት የሚመጣውም ከዚህ ነው። ግሬይ አንድ ኪሎ ግራም የሰውነት ክፍል ከጨረሩ የወሰደውን ኃይል ይለካል፤ አንድ ግሬይ በኪሎ ግራም አንድ ጁል ነው። ሲቨርት ግን በስሌት የሚገኝ ነው። በመጀመሪያ የጨረሩ ዓይነት ይታያል፤ የኤክስሬይ ማባዣ 1 ሲሆን የአልፋ ጨረር 20 ነው። ቀጥሎም የተጋለጠው አካል ለጨረር ያለው ተጋላጭነት ይታሰባል፤ ሳንባ፣ ጡት፣ ጨጓራና ቀይ መቅኔ እያንዳንዳቸው 0.12 ሲመደብላቸው፣ ታይሮይድ 0.04፣ ቆዳ ደግሞ 0.01 ብቻ ይመደብለታል። በዚህም ምክንያት የእጅ ራጅና የደረት ራጅ በቆዳ ላይ እኩል ሚሊግሬይ ቢያሳርፉ እንኳ በሚሊሲቨርት ሲሰሉ እጅግ ይራራቃሉ።

ጥያቄ፦ ከሲቲ ስካን በኋላ ሲቲዲአይ እና ዲኤልፒ የሚሉ ሁለት ቁጥሮች ይመዘገባሉ። እኔ የተቀበልኩት የትኛውን ነው?

መልስ፦ በትክክል ሲነገር ሁለቱንም አይደለም። ሲቲዲአይ፣ ማለትም ማሽኑ የሚሰጠውን የጨረር መጠን የሚያመለክተው ቁጥር፣ የሚለካው በሰው ላይ ሳይሆን በአክሪሊክ ፕላስቲክ በተሠራ ሲሊንደር ውስጥ ነው፤ ስፋቱ ለጭንቅላት 16፣ ለሌላው አካል በአብዛኛው 32 ሴንቲሜትር ነው። ዲኤልፒ ደግሞ ይኸው ቁጥር በተቃኘው ርዝመት ሲባዛ የሚገኝ ነው። ለምሳሌ የሆድ ምርመራ ሲቲዲአይ 10 ሚሊግሬይ፣ የተቃኘው ርዝመት 40 ሴንቲሜትር ቢሆን ዲኤልፒው 400 ሚሊግሬይ-ሴንቲሜትር ይሆናል፤ ይህንን ለሆድ በተለመደው ማባዣ በ0.015 ሲያባዙት 6 ሚሊሲቨርት ገደማ ያገኛሉ። ይህም የእርስዎ የግል መጠን ሳይሆን ለአማካይ አዋቂ ሰው የተሰላ ግምት ነው። በተለይ የቀጭን ሕፃን ውጤት በ32 ሴንቲሜትሩ ሲሊንደር ከተመዘገበ የልጁ አካል በእርግጥ የወሰደው ከተጻፈው በላይ ነው፤ የልጅዎን ሰነድ ሲያዩ የትኛው ሲሊንደር እንደተመዘገበ መጠየቅ ይገባዎታል።

ጥያቄ፦ አንድ ታካሚ በዓመት ስንት ጊዜ ራጅ እንዲነሳ ይፈቀዳል?

መልስ፦ ለታካሚ የተወሰነ ጣሪያ የለም። ዓለም አቀፉ የጨረር መከላከያ ኮሚሽን ለሠራተኞች የመከረው ወሰን በአምስት ዓመት አማካይ በዓመት 20 ሚሊሲቨርት ሲሆን፣ በየትኛውም አንድ ዓመት ከ50 ማለፍ የለበትም፤ ለሕዝብ ደግሞ በዓመት 1 ሚሊሲቨርት ነው። ታካሚን በተመለከተ የሚጠየቀው ምርመራው የሕክምናውን ውሳኔ ይለውጣል ወይ የሚለው ነው። ካልለወጠ አንዱም ይበዛል፤ ከለወጠ ግን ባለፈው ወር የተነሳው ራጅ ተቆጥሮ የሚከለከልበት ምክንያት የለም። ለማነጻጸር ያህል አንድ የደረት ራጅ ከ0.1 ሚሊሲቨርት አይበልጥም፤ የሰው ልጅ ከተፈጥሮ የሚደርሰው ጨረር ደግሞ በዓለም አማካይ በዓመት 2.4 ሚሊሲቨርት ነው።

ጥያቄ፦ ራጅ ከተነሳሁ በኋላ ጨረሩ በሰውነቴ ውስጥ ይቆያል?

መልስ፦ አይቆይም፤ ማሽኑ ሲጠፋ ጨረሩም ያበቃል። የሚቆየው በኒውክሌር ሕክምና ወደ ሰውነት የሚሰጠው ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር ነው፤ በብዛት የሚሠራበት ቴክኒሺየም-99ኤም በየስድስት ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል።

ጥያቄ፦ የጨረር መለኪያ ባጅ የት ይደረጋል? አንዳንድ ባልደረቦቼ ከጨረር መከላከያ ሽርጡ ጋር ግድግዳ ላይ ሰቅለውት ይሄዳሉ።

መልስ፦ ምርመራ ክፍሉ ውስጥ የተሰቀለ ባጅ የሚለካው ግድግዳውን ነው። በወሩ መጨረሻ ከፍ ያለ ንባብ ሲመጣ ባለቤቱ በቦታው እንዳልነበረ የሚያስረዳበት መንገድ አይኖረውም፤ በተቃራኒው ባጁን መሳቢያ ውስጥ ትቶ የሠራ ሰው ዜሮ ተመዝግቦለት በሐሰት ይጽናናል። አንድ ባጅ ብቻ ካለ በብዙ ቦታ የሚመከረው ከሽርጡ ውጭ በአንገትጌ ላይ ማድረግ ነው፤ ምክንያቱም ዓይንና ታይሮይድ ያለመከላከያ የሚያገኙትን ያመለክታል። ሁለተኛው ባጅ ካለ በሽርጡ ሥር ይደረጋል፤ ሁለቱን ማቀያየር ግን ስሌቱን ሁሉ ያበላሻል። በባጁ ውስጥ ያለው የሊቲየም ፍሎራይድ ክሪስታል የተጠራቀመውን ኃይል ሲሞቅ በብርሃን መልክ ይለቃል፤ አንዴ ከተነበበም ምልክቱ ይጠፋል። በአሉሚኒየም ኦክሳይድ የሚሠራው ዓይነት ግን በድጋሚ ሊነበብ ይችላል፤ አከራካሪ ንባብ ሲያጋጥም ይህ ትልቅ ጥቅም ነው።

ጥያቄ፦ በፍሎሮስኮፒ (ተንቀሳቃሽ ምስል በቀጥታ በሚያሳይ የራጅ ምርመራ) ጊዜ የት መቆም ይሻላል?

መልስ፦ ለሠራተኛው ዋናው የጨረር ምንጭ ኤክስሬዩን የሚያመነጨው ቱቦ ሳይሆን ጨረሩን የሚበትነው የታካሚው አካል ነው። ርቀትዎን ከግማሽ ሜትር ወደ አንድ ሜትር ሲያሳድጉ የሚደርስዎ መጠን ወደ ሩብ ገደማ ይወርዳል፤ ይህን የሚተካከል ርካሽ መከላከያ አላውቅም። በተጨማሪም ተበታኙ ጨረር የሚበዛው ጨረሩ ወደ ታካሚው በሚገባበት በኩል ስለሆነ ቱቦው ከአልጋው በታች እንዲሆን፣ ምስል ተቀባዩም ለታካሚው እንዲቀርብ ያድርጉ። ቱቦው ወደ ጎን ሲዞር ከተቀባዩ በኩል ይቁሙ። የእርሳስ መስታወቱንም ችላ አይበሉ፤ ለዓይን ሌንስ የተመከረው ዓመታዊ ወሰን በ2011 ከ150 ወደ 20 ሚሊሲቨርት የወረደው ሌንስ ከታሰበው ባነሰ መጠን እንደሚጎዳ ስለታወቀ ነው።

ጥያቄ፦ ቀድሞ ለታካሚዎች የመራቢያ አካል መሸፈኛ እናደርግ ነበር። አሁን አያስፈልግም መባሉ ትክክል ነው?

መልስ፦ የአሜሪካ የሕክምና ፊዚክስ ባለሙያዎች ማኅበር በ2019 ልማዳዊ አጠቃቀሙ እንዲቆም መክሯል። መሸፈኛው ከምስሉ ውጭ ሲሆን በሰውነት ውስጥ የሚበተነውን ጨረር አያስቆምም፤ በምስሉ ውስጥ ሲገባ ደግሞ ማሽኑ ራሱ የሚቆጣጠረውን መጠን ከፍ ሊያደርገው ወይም ሊታይ የሚገባውን ሊሸፍን ይችላል። ታካሚው አጥብቆ ከጠየቀ ግን መከራከሩ አይጠቅምም፤ ምስሉን የማያውክ ከሆነ ያድርጉለት።

ጥያቄ፦ የሠራተኞች ሽርጥ መቼ ይጣላል?

መልስ፦ ዕድሜው ብቻ አይወስንም። ታጥፎ የሚቀመጥ ሽርጥ በውስጡ ይሰነጠቃል፤ ከውጭ ግን አዲስ ይመስላል። በማንጠልጠያ ይሰቀል፤ ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ በፍሎሮስኮፒ ይታይ። ስንጥቁ በታይሮይድ ወይም በመራቢያ አካል ትይዩ ከሆነ ትንሽም ቢሆን ይወገድ፤ ጠርዝ ላይ ያለ ጥቂት ስንጥቅ ግን ተመዝግቦ ሊቆይ ይችላል።