ኮኦርዲኔትን በእጅ ጂፒኤስ ላይ በትክክል ስለማስገባት፦ ጥያቄና መልስ ለጂኦካሺንግ ጀማሪዎች

ከዚህ በታች ያሉት ጥያቄዎች በእጅ በሚያዝ ጂፒኤስ የተደበቀ ሳጥን መፈለግ የጀመሩ ሰዎች ያቀረቧቸው ናቸው። መልሶቹ ተጨባጭ እንዲሆኑ በአብዛኛው የምጠቀመው አንድ እውነተኛ ቦታ ነው። የአሜሪካ መንግሥት በሲቪል የጂፒኤስ ሲግናል ላይ ሆን ብሎ ይጨምረው የነበረውን ስሕተት ባቆመ ማግስት፣ እ.ኤ.አ. ሜይ 3 ቀን 2000፣ ዴቭ አልመር የመጀመሪያውን ጂኦካሽ (በጂፒኤስ የሚፈለግ የተደበቀ ሳጥን) በኦሪገን ግዛት በቢቨርክሪክ አቅራቢያ ደበቀ። የቦታው ኮኦርዲኔት፣ ማለትም ቦታውን የሚያመለክቱት የኬክሮስና የኬንትሮስ ቁጥሮች፣ ሰሜን 45° 17.460፣ ምዕራብ 122° 24.800 ነው።

ጥያቄ፦ ቁጥሩን አንድ በአንድ እያየሁ አስገባሁ፤ ሆኖም መሣሪያው ከትክክለኛው ቦታ ግማሽ ኪሎ ሜትር ያህል አርቆ ወሰደኝ። ምን ሊሆን ይችላል?

መልስ፦ ቁጥሮቹ ትክክል ሆነው የአጻጻፍ ፎርማታቸው ሳይለያይ አይቀርም። አንድን ቦታ በሦስት መንገድ መጻፍ ይቻላል፤ በአሥርዮሽ ዲግሪ፣ በዲግሪና በአሥርዮሽ ደቂቃ፣ እንዲሁም በዲግሪ፣ በደቂቃና በሰከንድ። በጂኦካሺንግ የተለመደው ሁለተኛው ነው። ስለዚህ 17.460 ማለት አሥራ ሰባት ደቂቃ ከአንድ ደቂቃ 460 ሺኛ ነው እንጂ 17 ደቂቃ ከ46 ሰከንድ አይደለም። 0.460ን በ60 ስናባዛ 27.6 ሰከንድ እናገኛለን። መሣሪያዎ ሰከንድ በሚጠይቅ ፎርማት ላይ ተቀምጦ እርስዎ 17 እና 46.0 ብለው ከሞሉ 18.4 ሰከንድ ተሳስተዋል ማለት ነው፤ አንድ የኬክሮስ ሰከንድ በመሬት ላይ 31 ሜትር ያህል ስለሆነ ስሕተቱ ወደ 570 ሜትር ይደርሳል።

ይህ ስሕተት ሁለት መለያዎች አሉት። አንደኛ፣ በኬክሮስ በኩል ከ740 ሜትር ገደማ አያልፍም። ሁለተኛ፣ የሚወስድዎ ሁልጊዜ ከምድር ወገብ ወደሚርቀው አቅጣጫ ነው፤ ምክንያቱም በስሕተት የተነበበው ሰከንድ ምንጊዜም ከእውነተኛው ይበልጣል። አንዳንድ ጊዜ ቁጥሩ ራሱ ያስጠነቅቃል፤ በምሳሌያችን ኬንትሮሱ 24.800 ስለሆነ በስሕተት ሲነበብ 24 ደቂቃ ከ80 ሰከንድ ይሆናል፤ ከ60 የሚበልጥ ሰከንድ ደግሞ የለም። መሣሪያው ቁጥር አልቀበልም ሲል ብዙ ሰው በቁልፎቹ ይበሳጫል፤ መጠርጠር ያለበት ግን ፎርማቱ ነው።

ጥያቄ፦ ታዲያ መሣሪያዬ በየትኛው ፎርማት ላይ እንዳለ እንዴት አውቃለሁ?

መልስ፦ በማስተካከያ ሜኑው ውስጥ የአቀማመጥ ፎርማት የሚመረጥበት ቦታ አለ። ሜኑ ሳይከፍቱም ያሉበትን ቦታ የሚያሳየውን ገጽ ማየት ይበቃል። ከዲግሪው ምልክት በኋላ ሁለት አሃዝ፣ ነጥብና ሦስት አሃዝ ካለ በሚፈለገው ፎርማት ላይ ነው።

ጥያቄ፦ ከስልክ ካርታ ላይ −33.8568, 151.2153 የሚል ቁጥር አገኘሁ። ፊደልም ደቂቃም የለውም። እንዴት ላስገባው?

መልስ፦ ይህ አሥርዮሽ ዲግሪ ነው፤ የሲድኒ ኦፔራ ሃውስ መገኛ ነው። የመቀነስ ምልክቱ በኬክሮስ ላይ ሲሆን ደቡብ፣ በኬንትሮስ ላይ ሲሆን ምዕራብ ማለት ነው። ሙሉውን ዲግሪ ይተዉትና ከነጥቡ በኋላ ያለውን ብቻ በ60 ያባዙት። 0.8568 በ60 ሲባዛ 51.408፣ 0.2153 ደግሞ 12.918 ይሰጣል። ስለዚህ ደቡብ 33° 51.408፣ ምሥራቅ 151° 12.918 ብለው ያስገባሉ። ማባዛቱ ከከበደዎ የመሣሪያውን ፎርማት ለጊዜው ወደ አሥርዮሽ ዲግሪ ቀይረው ቁጥሩን እንዳለ ማስገባትና ፎርማቱን መልሰው መቀየር ይችላሉ፤ ቀሪውን ስሌት መሣሪያው ይሠራዋል።

ሳያባዙ አሃዞቹን ወደ ደቂቃው ቦታ ማሸጋሸግ ግን ክፉኛ ያሳስታል። የመጀመሪያው ጂኦካሽ ኬክሮስ በአሥርዮሽ ዲግሪ ሲጻፍ 45.29100 ነው። ይህን 45° 29.100 ብሎ የሞላ ሰው ከ21 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ሰሜን ይሄዳል።

ጥያቄ፦ ፎርማቴ ትክክል ነው፤ ግን የሄድኩባቸው ቦታዎች ሁሉ ወደ አንድ ጎን ወደ 200 ሜትር የተገፉ ይመስላሉ።

መልስ፦ «ወደ አንድ ጎን» ማለትዎ ዳተሙን እንድጠረጥር ያደርገኛል። ዳተም የምድርን ቅርጽና የመለኪያውን መነሻ የሚወስን ስምምነት ነው፤ አንድ ዓይነት ቁጥር በሁለት ዳተም ሁለት የተለያዩ ቦታዎችን ያመለክታል። ጂኦካሺንግ የሚጠቀመው ደብሊውጂኤስ 84 የተባለውን ዳተም ነው። በመሣሪያው ዝርዝር ውስጥ ግን በየአገሩ የወረቀት ካርታዎች የሚሠራባቸው በርካታ አሮጌ ዳተሞች አሉ፤ ከእነዚህ አንዱ ተመርጦ ከቆየ ቦታው ከአሥሮች እስከ መቶዎች ሜትር ይሸሻል። በቀድሞው የቶኪዮ ዳተምና በደብሊውጂኤስ 84 መካከል ለምሳሌ ጃፓን ውስጥ ከ400 ሜትር በላይ ልዩነት አለ። በአንድ አካባቢ ውስጥ ሽሽቱ ለሁሉም ነጥቦች አቅጣጫውም መጠኑም ያው ነው፤ የፎርማት ስሕተት ግን እንደየቁጥሩ ይለያያል። የተበደሩት ወይም ያገለገለ መሣሪያ ከሆነ ይህን ከሁሉ አስቀድመው ይመልከቱ።

ጥያቄ፦ ካስገባሁ በኋላ ዳተሙን ባስተካክለው ነጥቡም አብሮ ይስተካከላል?

መልስ፦ አይስተካከልም። መሣሪያው ነጥቡን በመሬት ላይ እንዳለ ቦታ አድርጎ ይይዘዋል፤ ማስተካከያው ሲቀየር የሚለወጠው በስክሪኑ ላይ የሚታየው ቁጥር ብቻ ነው። ፎርማቱም እንዲሁ ነው። ስለዚህ በመጀመሪያ ማስተካከያውን ያርሙ፣ ከዚያ ቁጥሩን እንደገና ያስገቡ። የተለወጠውን ቁጥር አይተው «ተስተካከለ» ብለው የሚነሡ ሰዎች ወደዚያው የተሳሳተ ቦታ ይመለሳሉ።

ጥያቄ፦ ዜሮዎቹን መተው ይቻላል?

መልስ፦ መጨረሻ ላይ ያለችው ዜሮ ጉዳት የላትም፤ 17.46 እና 17.460 አንድ ናቸው። ከነጥቡ ቀጥሎ የምትመጣው ግን ትልቅ ዋጋ አላት፤ 07.035ን 07.35 ብሎ መጻፍ በኬክሮስ ላይ ወደ 580 ሜትር ያስታል። በኬንትሮስ በኩል ደግሞ ለዲግሪው ሦስት ቦታ ስላለ 24 ዲግሪ 024 ተብሎ ይሞላል፤ አለበለዚያ አሃዞቹ ሁሉ አንድ ቦታ ወደ ግራ ይሸሻሉ።

ጥያቄ፦ አዲስ ነጥብ የምፈጥርበትን መንገድ ቢያስረዱኝ። ቁልፉን ስጫን ያለሁበትን ቦታ ይመዘግባል እንጂ ቁጥር አይጠይቀኝም።

መልስ፦ በብዙ መሣሪያዎች አሠራሩ እንዲህ ነው። ቁልፉ መጀመሪያ የቆሙበትን ቦታ ይይዛል፤ እርስዎ ከማስቀመጥዎ በፊት ወደ ኮኦርዲኔቱ መስመር ሄደው በሚፈልጉት ቁጥር ይተኩታል። ያን ጊዜ ከአሃዞቹ በፊት ያለውን የአቅጣጫ ፊደል ማየት አይርሱ፤ መሣሪያው የሚያቀርብልዎ ያሉበትን ቦታ ፊደል ስለሆነ፣ ከሌላ ክፍለ ዓለም የተወሰደ ቁጥር ሲሞሉ ፊደሉ ሳይቀየር ሊቀር ይችላል። ለነጥቡ የሚያውቁት ስም ይስጡት። ቀድሞ በተቀመጠ ነጥብ ላይ አዲስ ቁጥር መጻፍ አልመክርም፤ የጠፋው ነጥብ መኪናዎን ያቆሙበት ሊሆን ይችላል።

ጥያቄ፦ በየደረጃው ቁጥር እየደመርን የምንሄድባቸው ጂኦካሾች ላይ ስሌቱ ይምታታብኛል።

መልስ፦ የሚያምታታው ከነጥቡ በስተቀኝ በአሥር፣ በስተግራ ግን በ60 መቁጠራችን ነው። 59.700 ላይ 0.450 ቢጨመር 60.150 ይሆናል፤ 60 ደቂቃ ስለሌለ ዲግሪው በአንድ ይጨምርና ደቂቃው 00.150 ይሆናል። አቅጣጫውንም ያስቡ፤ በምዕራብ ኬንትሮስ ቁጥሩ ሲጨምር ወደ ምዕራብ ነው የሚሄዱት፤ ስለዚህ «ወደ ምሥራቅ» ከተባለ ይቀንሳሉ።

ተግባሩ «ከዚህ ነጥብ በ135 ዲግሪ 200 ሜትር» የሚል ከሆነ ከእውነተኛው ሰሜን ወይስ ከማግኔታዊው ሰሜን እንደሚለካ አስቀድመው ይለዩ፤ በሁለቱ መካከል 10 ዲግሪ ልዩነት ባለበት አካባቢ በ200 ሜትር ላይ 35 ሜትር ያህል ይስታሉ።

ጥያቄ፦ ይህን ሁሉ ከመጻፍ የነጥቦቹን ኮኦርዲኔት የያዘውን ፋይል መሣሪያው ላይ መጫን አይሻልም?

መልስ፦ በጣም ይሻላል። ጂፒኤክስ በተባለው የጂፒኤስ ነጥቦች ፋይል ውስጥ ቁጥሮቹ ምንጊዜም በአሥርዮሽ ዲግሪና በደብሊውጂኤስ 84 ስለሚቀመጡ፣ የእርስዎ መሣሪያ ማስተካከያ ሊያበላሻቸው አይችልም። ይሁን እንጂ እንቆቅልሽ ፈትተው ወይም ሜዳ ላይ ደምረው ያገኙትን ቁጥር በእጅ ከማስገባት አያመልጡም።

ጥያቄ፦ ከመነሣቴ በፊት ትክክል ማስገባቴን የማረጋግጥበት መንገድ አለ?

መልስ፦ አለ፤ ከአንድ ደቂቃም አይወስድም። በመጀመሪያ ከስክሪኑ ላይ ያለውን ቁጥር ጮክ ብለው እያነበቡ ሌላ ሰው ከምንጩ ጋር ያመሳክር፤ ብቻዎን ከሆኑ ከመጨረሻው አሃዝ ወደ መጀመሪያው ይሂዱ፤ ዓይን ቶሎ የሚታለለው በለመደው ቅደም ተከተል ነውና። ቀጥሎ መሣሪያው ወደ ነጥቡ ያለውን ርቀትና አቅጣጫ ይመልከቱና በካርታ ላይ ከሚያዩት ጋር ያነጻጽሩ። በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ካለ የአቅጣጫ ፊደሉን፣ አሥሮች ኪሎ ሜትር ካለ አሥርዮሽ ዲግሪን ከደቂቃ ጋር መቀላቀልን፣ መቶዎች ሜትር ካለ ፎርማቱን፣ ዜሮዋን ወይም ዳተሙን ይጠርጥሩ።

ጥያቄ፦ ሁሉንም አረጋግጫለሁ፤ መሣሪያው «ደርሰዋል» ይላል፤ ሳጥኑ ግን የለም።

መልስ፦ ከዚህ በኋላ ቁጥሩን መነካካት አያስፈልግም። የመጨረሻው አሃዝ በኬክሮስ 1.85 ሜትር ይወክላል፤ በ60ኛው ዲግሪ ኬክሮስ አካባቢ የኬንትሮሱ የመጨረሻ አሃዝ ከአንድ ሜትር ያነሰ ነው። መሣሪያው ግን ክፍት ሰማይ ሥር እንኳን ብዙ ጊዜ ከ3 እስከ 5 ሜትር ይስታል፤ ጥቅጥቅ ባለ ዛፍ ወይም በገደል ሥር ከዚያ ይብሳል። ሳጥኑን የደበቀው ሰው መሣሪያም እንዲሁ ይስት ስለነበር ሁለቱ ስሕተቶች ይደራረባሉ። ኤሌክትሮኒክ ኮምፓስ የሌለው መሣሪያ ደግሞ ቆመው ሳለ ቀስቱ የሚያሳየው አቅጣጫ አይታመንም። ስለዚህ ርቀቱ ከ10 ሜትር ሲያንስ መሣሪያውን ያስቀምጡ፤ ሳጥን ሊደበቅባቸው የሚችሉ ቦታዎችን፣ ማለትም የዛፍ ሥር፣ የድንጋይ ክምርና የአጥር እግር፣ በዓይንዎና በእጅዎ ይፈትሹ።