አራት ሰው፣ ሁለት ሬዲዮ

ጥያቄ፦ "የምኖረው ጅማ ነው። እዚያው ጅማ፣ መርካቶ አካባቢ ኤሌክትሮኒክስ እጠግናለሁ። ሬዲዮ ከልጅነቴ ጀምሮ የምወደው ነገር ነው። አምና የአክስቴ ልጅ ከውጭ ሲመጣ የእጅ መገናኛ ሬዲዮ አመጣልኝ፤ ባኦፌንግ ዩቪ-5አር የሚባለውን። የኔ ሁለት ናቸው። ማታ ማታ አራት ሆነን እናወራለን። አንዱ ጓደኛዬ ጅሬን ነው፣ አንዱ ኮቺ። በቡና ለቀማ ጊዜ ማና ያለው የአጎቴ ማሳ ላይም በጣም ጠቅሞናል። አሁን በሕጋዊ መንገድ አማተር ሬዲዮ መጀመር እፈልጋለሁ። ፈቃድ እንዴት ይገኛል? የያዝኩትስ ችግር አለው? ዋቱ ትንሽ ስለሆነ ምንም አይልም ብለውኛል።"

መልስ፦ ወንድሜ፣ ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የጠየቅከውን ቶሎ እመልስልሃለሁ። ጊዜ የምወስደው ባልጻፍከው ላይ ነው።

በኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148/2011 መሠረት የሬዲዮ ፍሪኩዌንሲ መጠቀም የሚቻለው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ሲፈቅድ ነው። ዋቱ ማነሱ ብቻውን ነጻ አያወጣህም። አውሮፓ ውስጥ በ446 ሜጋኸርዝ፣ በግማሽ ዋት፣ ያለ ፈቃድ የሚያወሩባቸው ሬዲዮኖች አሉ። ያ የአውሮፓ ደንብ ነው፤ ከሬዲዮው ጋር በሻንጣ ተጭኖ አይመጣም። ያንተ ደግሞ ከእነዚያም አይመደብም። እስከ 4 እና 5 ዋት ይገፋል። ከ136 እስከ 174፣ ከዚያም ከ400 ሜጋኸርዝ በላይ ባለው ሰፊ ክልል ይናገራል። በዚህ ሁሉ ውስጥ እኛ ባለንበት የዓለም ክልል ለአማተር የተመደበው ከ144 እስከ 146 እና ከ430 እስከ 440 ብቻ ነው። ሌላው የሌላ ሰው ነው። ባለማወቅ የድንገተኛ አገልግሎት ወይም የጸጥታ ሰዎች መስመር ላይ መናገሪያውን ብትጫን ምን እንደሚከተል አስበው። ጅሬን ኮረብታ ላይ ያለው ጓደኛህ ድምፁ ደግሞ ከሁላችሁም ርቆ ነው የሚሰማው።

አማተር ማለት ለመማርና ለግል ፍላጎት፣ ያለ ገንዘብ ጥቅም የሚሠራ ማለት ነው። ስለዚህ ነገ ፈቃድ ብታገኝ እንኳ የቡና ለቃሚ ሠራተኛ በሱ ማዘዝ አትችልም። ለማሳው አጎትህ በራሳቸው ስም ሌላ ዓይነት ፈቃድ ይጠይቁ። የአማተር የጥሪ ምልክትም፣ ማለትም በአየር ላይ ማንነትህን የምትናገርበት መለያ፣ ለተፈቀደለት ሰው እንጂ ለጓደኞቹ አይደለም።

ለመማሪያ ጥሩ በር አለህ። አዲስ አበባ አምስት ኪሎ፣ በቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱ ግቢ፣ የኢትዮጵያ አማተር ሬዲዮ ማኅበር ኢቲ3ኤኤ የሚባል የክለብ ጣቢያ አለው። ከጅማ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ቢርቅም መሄዱ ያዋጣል። ፈቃድ ካላቸው ሰዎች አጠገብ ተቀምጠህ ተማር። የያዝከውን ሬዲዮ ግን ተሸክመህ እንዳትሄድ። ለምን እንደሆነ አሁን እነግርሃለሁ።

"የኔ ሁለት ናቸው" ብለሃል። አንተ መርካቶ ነህ፣ አንዱ ጅሬን፣ አንዱ ኮቺ። ሦስት ቦታ ሦስት ሬዲዮ ይፈልጋል። አራተኛውም ባዶ እጁን አያወራም። ስንት ሬዲዮ በሻንጣው እንደገባ አልጻፍክም። ጉምሩክ ላይ ስለመመዝገቡ አንድ ቃል የለም። ሁለቱ ጓደኞችህ እጅ እንዴት እንደገባም ዘለኸዋል። ወንድሜ፣ ምክር የሚጠይቅ ሰው እንዲህ አይቆርጥም። ሐኪም ጋ ሄደህ "ሆዴን" ብለህ የዋጥከውን አትደብቅም።

የደበቅከው ደግሞ ትልቁን ልዩነት የሚያመጣው ነው። የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761/2004 አንቀጽ 3ን አንብበው። የቴሌኮም መሣሪያን ያለ ፈቃድ መያዝ ወይም መጠቀም ከ1 እስከ 4 ዓመት ጽኑ እስራትና ከ10,000 እስከ 40,000 ብር መቀጮ አለው። ይሄ ራሱ ከባድ ነው። ያለ ፈቃድ ማስገባት ወይም ለሽያጭ ማቅረብ ግን ከ10 እስከ 15 ዓመት፣ ከ100,000 እስከ 150,000 ብር ነው። በሁለቱ መካከል ያለውን ርቀት ተመልከተው። አንተ ከየትኛው ወገን ነህ? መልሱ ያለው እነዚያ ሁለት ሬዲዮኖች ጓደኞችህ ጋ በደረሱበት መንገድ ላይ ነው።

ሰዎች ደጋግመው የሚወድቁባት ጉድጓድ እዚህ ጋ ናት። ቢሮዬ የሚመጣ ሰው ገና ወንበር ሳይስብ "ኧረ እኔ አልነገድኩም! በገዛሁበት ዋጋ ነው የሰጠሁት" ይለኛል። እያወቀ አይደለም የሚዋሸው፤ ከልቡ ነው። ንግድ ማለት ለሱ ትርፍ ነው። ሕጉ ግን እንደዚያ አያስብም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2266 ሽያጭን ሲተረጉም የሚያነሣው ዕቃና የገንዘብ ዋጋ ነው። ስለ ትርፍ አንድም ቃል አይተነፍስም። ስለዚህ "በገዛሁበት ዋጋ" ስትል ራስህን የተከላከልክ ይመስልሃል፤ ለዐቃቤ ሕግ ግን ዋጋ እንደተቀበልክ ነገርከው። ያውም በገዛ አፍህ፣ ያውም ፈርመህ።

አንድ ደንበኛዬን አልረሳውም። ዕቃው ሌላ ነበር፣ ነገሩ ግን ያው ነው። ስልኩን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠና የቴሌግራም መልእክቱን አሳየኝ። "ሁለት ፍሬ ተርፎኛል፣ የሚፈልግ በውስጥ ያናግረኝ።" ከሥሩ የባንክ ዝውውር ፎቶ አለ። መጠኑና ቀኑ ይታያል፣ ምክንያት በሚለው ቦታ ላይ የዕቃው ስም ተጽፏል። "ለጓደኛ ብዬ እኮ ነው" እያለ ጣቱ ይንቀጠቀጥ ነበር። አመንኩት። ወረቀቱ ግን የወዳጅነቱን ነገር አይናገርም።

ለአንድ ወዳጅ አንድ ዕቃ መስጠት "ለሽያጭ ማቅረብ" አይደለም ብሎ መከራከር ይቻላል። እኔም ብሆን እከራከራለሁ። ነገር ግን ክርክር እንጂ ዋስትና አይደለም፤ አስር ዓመት በሚያስፈራ ነገር ላይ በክርክር ብቻ አትተማመን። የመግባቱም ጉዳይ አለ። የአክስትህን ልጅ "አራት አምጣልኝ" ብለህ ገንዘብ ልከህለት ከሆነ፣ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 36 ማነሳሳትን እንደሚቀጣ እወቅ። ሻንጣው ሳይታይ ከወጣ ደግሞ የጉምሩክ አዋጁ የኮንትሮባንድ ጥያቄ ይከተላል። "አላውቅም ነበር" ማለትም ብዙ አያስኬድም፤ የወንጀል ሕጉን አንቀጽ 81 ጠበቃህ ያስረዳህ።

እና ዛሬ ምን ታደርጋለህ? ሬዲዮኖቹን አጥፋ፣ ባትሪያቸውን አውጣ። ጓደኞችህም እንዲሁ ያድርጉ። የማታውን ጨዋታ ዛሬውኑ ተወው። አትሽጥ፣ አትስጥ፣ መልሰህም አትሰብስብ። በድንጋጤ አዌቱ ወንዝ ውስጥ እንዳትወረውራቸው፣ መልእክትም እንዳትሰርዝ። ማስረጃ ማጥፋት በችግር ላይ ችግር ነው።

ከዚያ ወረቀት ሰብስብ። ሬዲዮኖቹ የተገዙበት ደረሰኝ፣ የአክስትህ ልጅ ፓስፖርት ላይ ያለው የመግቢያ ማኅተም ኮፒ፣ ጉምሩክ የሰጠው ነገር ካለ እሱን፣ የእያንዳንዱ ሬዲዮ ሞዴልና ተከታታይ ቁጥር፤ ባትሪውን ስታወጣ ከጀርባው ታገኘዋለህ። የባንክ ዝውውር ካለም አትደብቀው። ሁሉንም ይዘህ ጅማ ያለ ጠበቃ ጋ ሂድ። ሰነድ ያላየሁበት ይህ ምክር ጠበቃህን አይተካም። ለኮሙኒኬሽን ባለሥልጣኑ ማመልከቻ መጻፍም ሆነ ዕቃውን ማስረከብ ካስፈለገ፣ በየትኛው ቃልና በየትኛው ቅደም ተከተል እንደሚሆን ከሱ ጋር ወስን። በቅን ልቦና የተጻፈች አንዲት አረፍተ ነገር የክስ መነሻ ስትሆን አይቻለሁ።

ጠበቃ ሳታገኝ ፖሊስ ቢመጣ ተረጋጋ። አትሩጥ፣ አትጨቃጨቅ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ያለመናገር መብት አለህ። ከተያዝክም በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለብህ። ስምህን ንገር፣ ከዚያ "ጠበቃዬን ላናግር" በል። ያቺን "በገዛሁበት ዋጋ" የምትለውን ቃል ለጠበቃህ ብቻ አስቀምጣት።

ለጓደኞችህ ይህን ጽሑፍ አሳያቸው። ጅሬን ያለው በተለይ ዛሬ ማታ እንዳይከፍት ንገረው፤ በስልክ።