አንዱ ሐይቅ ሲሸሽ ሌላው ለምን ይሰፋል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ መምህር። የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። የጂኦግራፊ መምህራችን በቡድን ተወያዩ ብሎ አንድ ጥያቄ ሰጥቶናል፦ «የአብያታ ሐይቅ እየሸሸ የበሰቃ ሐይቅ ለምን ይሰፋል?» የቡድናችን ልጆች «የአየር ንብረት ለውጥ ነው» ብለው ወዲያው ዘጉት። እኔ ግን አልተዋጠልኝም። ከየት እንጀምር? ፎቶስ ማስገባት እንችላለን?
ተማሪ፣ ከአዳማ

መልስ፦ ልጄ፣ ያልተዋጠልሽ በደንብ ስላሰብሽበት ነው። ሁለቱም ሐይቆች ያሉት በአንድ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ነው። ሙቀት ብቻ ቢሆን ኖሮ ሁለቱም አብረው በሸሹ ነበር። የአየር ንብረት ለውጥ የለም እያልኩ አይደለም። እሱ ብቻውን ግን የሁለቱን ልዩነት አያስረዳም።

ስለዚህ ለእያንዳንዱ ሐይቅ ውኃው ከየት እንደሚገባና በየት እንደሚወጣ ጠይቁ።

አብያታ የሚፈስበት መውጫ የለውም። የዝዋይ ሐይቅ ውኃ በቡልቡላ ወንዝ፣ የላንጋኖ ሐይቅ ደግሞ በሆራ ከሎ ወንዝ በኩል ይገባበታል። የሚወጣው በትነት ነው። በዚያ ቆላ ከሐይቅ ላይ በዓመት ወደ 2 ሜትር የሚጠጋ ውኃ ይተናል፤ የሚዘንበው ግማሹን እንኳን አይተካም። ቡልቡላ ሲደክም አብያታ ይሸሻል ማለት ነው። ባቱ ዙሪያ ያለውን የሽንኩርትና የቲማቲም ማሳ አስቡት፤ ውኃው የሚሳበው ከዝዋይና ከቡልቡላ ነው። በዚያ ላይ እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ የሶዳ አሽ (ለመስታወትና ለሳሙና መሥሪያ የሚሆን ጨው መሰል ዱቄት) ፋብሪካ ከራሱ ከአብያታ ውኃ እየሳበ በገንዳ ሲያተን ኖሯል።

ውኃው ሲሄድ ጨው ይቀራል። ዳርቻው ላይ የምትረግጡት ነጭ ቅርፊት ነው፤ ሲሰበር ከሥሩ ጥቁር ጭቃ ብቅ ይላል። ጨዋማነቱ ሲበረታ ዓሣው አለቀ። አጠገቡ ባለው የሻላ ሐይቅ ደሴት ላይ የሚፈለፍሉት ፔሊካኖች ለምግብ ይመጡ የነበረው አብያታ ነበር። እኔን ከሁሉ በላይ የሚያሳዝነኝ ይህ ነው።

በሰቃ ግን ሌላ ታሪክ ነው። ለእናንተ ቅርብ ስለሆነ እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ስፋቱ 3 ካሬ ኪሎ ሜትር አካባቢ ነበር። ዛሬ ከ40 በላይ ሆኗል። ወደ መተሐራ ስትሄዱ የፈንታሌ ተራራ ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ውኃ ውስጥ ገብቶ ታዩታላችሁ። መንገዱም የድሮው ሐዲድም ውኃው እንዳይውጣቸው ከፍ ተደርገዋል።

ምክንያቱ ላይ ተመራማሪዎቹም አልተስማሙም። አንዳንዶቹ ከአዋሽ ተጠልፎ ለሸንኮራና ለሌላ እርሻ የሚለቀቀው መስኖ በመሬት ውስጥ ሰርጎ ነው የሚመጣው ይላሉ። ሌሎቹ ከመሬት ሥር የሚመነጨው ፍል ውኃ ስለጨመረ ነው ይላሉ። እኔ ወደ መስኖው አደላለሁ፤ መስፋቱ የጀመረው ትልልቆቹ እርሻዎች በተስፋፉበት ዘመን ነውና። ግን የጊዜ መገጣጠም ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ይህን ራሳችሁ ተከራከሩበት።

ከመካከላችሁ አንዱ በ2017 ዓ.ም. ፈንታሌ አካባቢ የነበረውን የመሬት መንቀጥቀጥ ማንሳቱ አይቀርም። ሐይቁ ግን ከዚያ በፊት ለአሥርት ዓመታት ሲሰፋ እንደኖረ አስታውሱት።

አንድ ጥሩ ፍንጭ ልስጥሽ። የበሰቃ ጨዋማነት ከድሮው በጣም ቀንሷል። ስለዚህ የሚገባው ውኃ ከሐይቁ የቀጠነ፣ ማለትም ጨው ያነሰው ነው። የአዋሽ ውኃ ቀጭን ነው፤ ግን ፍል ውኃዎቹም ከድሮው በሰቃ ይቀጥናሉ። ክርክሩ የሚጦፈው እዚህ ላይ ነው።

ቡድኑን ለሁለት ክፈሉት። አንዱ ወገን የእርሻው መሐንዲስ ይሁን፤ ሌላው ግጦሹን ውኃ የወሰደበት የከረዩ አርብቶ አደር። ሦስተኛ ሰው ካላችሁ ደግሞ ከታች አዋሽን የሚጠጣ ገበሬ ይሁን። የበሰቃ ውኃ ወደ አዋሽ ሲለቀቅ ጨውና ፍሎራይድ ይዞ ይሄዳል፤ ፍሎራይድ ሲበዛ ደግሞ ጥርስ ያበልዛል። መተሐራን ከጎርፍ ለማዳን የተደረገው ነገር እሱ ጋ ምን እንደሚያደርስ ይጠይቃችሁ።

ፎቶ ማስገባት ትችላላችሁ። ጉግል ኧርዝ ላይ እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ ያሉ የሳተላይት ምስሎች በነፃ ይገኛሉ። ሁለቱን ሐይቆች በተመሳሳይ ዓመትና በተመሳሳይ ወር የተነሱትን ጎን ለጎን ለጥፉ። የክረምቱን ከበጋው ጋር ካነጻጸራችሁ መምህራችሁ ወዲያው ይይዛችኋል።