ጥፋቱ የሽቦው አይደለም

ወንድሜ፣ ለሴጋ ድሪምካስት የጌም ኮንሶል የሠራኸው የዩኤስቢ ሲሪያል ገመድ (ከኮምፒውተር ጋር ቢት በቢት መረጃ የሚለዋወጥበት) በሰከንድ በ57600 ቢት ፍጥነት ያለ እንከን ይሠራል፤ በ115200 አልፎ አልፎ ይሳሳታል፤ በ500000 ደግሞ የማይነበብ ነገር ይተፋል። አንተም ሽቦውን አጭርና ወፍራም በሆነ ለመቀየር አስበህ ያዋጣ እንደሆነ ጠይቀሃል። አያዋጣም። እኔ ሦስት ጊዜ ሽቦ ከቀየርኩ በኋላ ነው ይህን ያወቅሁት።

እንደ ነገርከን ከኮምፒውተሩ የሚወጣው መልእክት መጀመሪያ በዩኤስቢ መለወጫው ወደ አርኤስ 232፣ ማለትም ከፍ ባለ ቮልቴጅ ወደሚሠራው የቆየ የሲሪያል ደንብ፣ ይቀየራል፤ ከዚያ ማክስ 3232 የሚባለው ቺፕ ኮንሶሉ ወደሚረዳው 3.3 ቮልት ይመልሰዋል። ሁለት ሰዎች አንድ ቋንቋ እየተናገሩ በመካከላቸው ሁለት አስተርጓሚ እንደ ማስቀመጥ ነው። በዚያ ላይ ማክስ 3232 ዘገምተኛ ነው፤ እንደ አምራቹ ዋስትና የሚሰጠው እስከ 120 ወይም እስከ 250 ኪሎቢት በሰከንድ ድረስ ብቻ ነው። በ500000 ቢያቅተው አይፈረድበትም።

ስለዚህ ሁለቱንም አውጣቸው። እኔ በምትካቸው ኤፍቲ 232 አር የተባለውን ቺፕ የያዘች ትንሽ ሰሌዳ አስገባሁ። ቪሲሲአይኦ የሚባለውን እግር ቺፑ ራሱ ከሚያወጣው 3.3 ቮልት ጋር ስታገናኘው መስመሮቹ በዚያው ቮልቴጅ ይሠራሉ። ከዚያ የሚቀሩህ ሦስት ሽቦዎች ናቸው፤ ግራውንድ፣ የአንዱ ላኪ ወደ ሌላው ተቀባይ፣ እንዲሁም ተቃራኒው። የዩኤስቢውን 5 ቮልት ወደ ኮንሶሉ አታሻግር። የመጀመሪያው ገመዴ በ5 ቮልት ይሠራ ስለነበር የአንድ ኮንሶል ሲሪያል ከዚያን ቀን ጀምሮ መቀበል አቁሟል፤ መላክ ግን ይልካል፤ የሚሰማው የለም እንጂ።

አሁን ብዙ ሰው የማያየው ነገር ላይ ደረስን። ገመዱን አስተካክዬም በ115200 ስህተቱ አልጠፋም ነበር። ምክንያቱ የድሪምካስት ሰዓት፣ ማለትም የሥራውን ምት የሚሰጠው ሲግናል ነው። ኤስኤች 4 ፕሮሰሰሩ በ200 ሜጋኸርዝ ይሮጣል፤ ሲሪያሉን የሚያስኬደው ግን የ50 ሜጋኸርዝ ሰዓት ነው። ይህ ለ32 ሲካፈል 1562500 ይሆናል፤ ከዚያ በታች ያሉትን ፍጥነቶች የምታገኘው ይህንን በሙሉ ቁጥር በማካፈል ብቻ ነው። ለ27 ስታካፍለው 57870 ይወጣል፤ ከ57600 ያለው ልዩነት ግማሽ በመቶ አይሞላም። ለ115200 የሚቀርበው በ14 ሲካፈል የሚገኘው 111607 ነው፤ ወደ 3 በመቶ ይጎድላል። ለ500000 የሚቀርበው ደግሞ 520833 ሲሆን ከ4 በመቶ በላይ ያልፋል። አንድ ባይት ከመነሻና ከመዝጊያ ቢቱ ጋር 10 ቢት ስለሆነ ልዩነቱ 5 በመቶ ሲደርስ ተቀባዩ የመጨረሻውን ቢት ይስታል። የሲግናሉ ጠርዝ ትንሽ ከዘገየ ደግሞ ከዚያም በፊት ይስታል። ያየኸው ሁሉ ይኸው ነው።

መፍትሔው ኮንሶሉን ማስጨነቅ ሳይሆን ኮምፒውተሩን ወደ እርሱ ማምጣት ነው። ኤፍቲ 232 አር 3000000ን በስምንተኛ ክፍልፋይ ጭምር ማካፈል ይችላል፤ ለ5.75 ሲያካፍል 521739 ይሰጣል፤ ይህም ለ520833 እጅግ ቅርብ ነው። ስለዚህ የኮምፒውተሩ ፕሮግራም 500000 ሳይሆን 520833 ብሎ እንዲጠይቅ አድርገው። አንድ ሚሊዮን ባይት በ57600 ወደ ሦስት ደቂቃ ይወስድ ነበር፤ እንዲህ ሲሆን 20 ሰከንድ አይሞላም።

ያም ሆኖ አጫጭር መልእክቶች ከዘገዩብህ የድራይቨሩን (ኮምፒውተሩ ቺፑን የሚያዝበትን ፕሮግራም) የመዘግየት ቅንብር ተመልከት። ቺፑ ጥቂት ባይት ሲደርሰው ወዲያው አይልክም፤ በነባሪው ቅንብር 16 ሚሊሰከንድ ይጠብቃል። ወደ 1 ወይም 2 አውርደው።

ሌላው፣ ኮንሶሉ ጠፍቶ ገመዱ ኮምፒውተሩ ላይ ተሰክቶ ሲቆይ፣ ሥራ ፈት የሆነው የላኪ መስመር 3.3 ቮልት ይዞ ስለሚቆም ኤሌክትሪኩ በፕሮሰሰሩ እግር በኩል ሾልኮ ይገባል። በዚያ መስመር ላይ የ1 ኪሎኦም ሬዚስተር በየድኩበት፤ የሚያልፈው ከ3 ሚሊአምፔር በታች ሆነ። "ትልቁ ይሻላል" ብለህ 10 ኪሎኦም እንዳታደርግ፤ ከገመዱ ካፓሲታንስ (ኤሌክትሪክ የማጠራቀም ባሕርይ) ጋር ተደምሮ ፈጣኑን ሲግናል ያደበዝዘዋል።

ስትጨርስ የላኪውንና የተቀባዩን ጫፍ አገናኝተህ የጻፍከው ተመልሶ እንደሚመጣ እይ። ብየዳህን ያረጋግጥልሃል፤ ነገር ግን ላኪውም ተቀባዩም ያው አንድ ቺፕ ስለሆነ የሰዓት ልዩነትን አያሳይህም፤ እኔን ሁለት ሳምንት ያታለለኝ ይህ ሙከራ ነው። ከዚያ ወደ ኮንሶሉ ከመሰካትህ በፊት የላኪውን መስመር በመልቲሜትር ለካ። 5 ቮልት ካነበበ ያ የቪሲሲአይኦ እግር ከ3.3 ቮልቱ ሳይሆን ከ5 ቮልት ጋር ተገናኝቷል ማለት ነው፤ ተመልሰህ አስተካክለው።